ቦዩን ተከትለን

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የመስኖ ቦይ ዳር በእግር ስንጓዝ ቆየን። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ ከግማሽ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ አዋቂ ሰው ብቻውን ቢሄደው አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። እኛ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደብን፤ ልጄ በየእርምጃው የሚያቆማት ነገር አታጣምና እኔም በእርሷ እርምጃ መሄድ ነበረብኝ።

ከቤት ስንወጣ ደመናው ሐረጎ ተራራ ላይ ተኝቶ ነበር እንጂ ገና አልዘነበም። ባጃጁ ድልድዩ አጠገብ አውርዶን ሂሳብ ከፍዬ ዞር ስል ማካፋት ጀመረ። ጃንጥላ አልያዝንም። ልመለስ ወይስ ልቀጥል ብዬ ሳመነታ፣ ልጄ እጇን ዘርግታ መዳፏ ላይ የሚያርፈውን ጠብታ እየቆጠረች ነበር፤ ሰባት ላይ ስትደርስ ተምታታባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ፌስታል ፀጉሯ ላይ አሰርኩላትና ቀጠልን። ደሴ ብንሆን ኖሮ ይህን አላደርግም ነበር፤ የደሴ ካፊያ ከጦሳ ተራራ ከሚወርደው ጉም ጋር ተዳምሮ አጥንት ድረስ ይገባል። ኮምቦልቻ ግን በመጋቢት ሞቃት ናትና ካፊያው ገላን የሚያቀዘቅዝ እንጂ የሚያንቀጠቅጥ አይደለም።

ወሎ ውስጥ ይህ ዝናብ በልግ ይባላል። ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መግቢያ ድረስ እየቆራረጠ የሚጥል፣ ከክረምቱ ዶፍ ጋር በመጠንም በጠባይም የማይመሳሰል፣ ነገር ግን ደጋው ላይ ገብስ ለሚዘራው ገበሬ የዓመት ቀለቡን የሚወስን ዝናብ ነው። እናቴ ዝናብን ማማት ነውር እንደሆነ እያስተማረች ነው ያሳደገችን። የተሰጣ ልብስ ቢያረጥብብን፣ የኳስ ጨዋታ ቢያቋርጥብን፣ ጭቃው አዲስ ጫማችንን ቢያበላሸው እንኳ በቤታችን «ምን ዓይነት ዝናብ ነው!» ብሎ ማማረር አይፈቀድም ነበር። የ1966ቱ ረሃብ ወሎን ሲመታ እርሷ ገና ልጅ ነበረች፤ የ1977ቱ ሲመጣ ደግሞ ታላቅ ወንድሜን አርግዛ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ከየገጠሩ ተነሥቶ ወደ ባቲ መጠለያ ሲተም በዚህ በኮምቦልቻ መንገድ ሲያልፍ ማየቷን የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንንም ባጭሩ ነግራኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለዚህ እኔ ካፊያ ጣለ ብዬ ልጅ ወደ ቤት መመለስ ይከብደኛል። ልጄ ዝናብን የምታውቀው ከመስኮት ሆና በማየት ብቻ እንዳይሆን እፈልጋለሁ።

ቦዩ ከቦርከና ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣ ነው። ከጠለፋው አንሥቶ ጥቂት ርቀት በሲሚንቶ የተሠራ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለው ገበሬው ራሱ ቆፍሮ ያወጣው የአፈር ቦይ ነው፤ ስፋቱ አንድ ሰፊ እርምጃ፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት ይሆናል። በአንዱ ወገን ሰርዶ የሸፈነው ጠባብ የእግር መንገድ አለ፤ በሌላው ወገን የሽንኩርት መደቦች ተደርድረዋል፤ ከእነርሱም ወዲያ በቆሎና ጥቂት የጫት ማሳ ይታያል። ሁለታችን ጎን ለጎን መሄድ ስለማይቻለን እርሷን ከውሃው ራቅ ባለው ጠርዝ በኩል አድርጌ፣ እኔ በውሃው በኩል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቼ እጇን ይዤ ነበር የምሄደው።

መጀመሪያ ያስቆማት የውሃው ገጽ ነው። ጠብታው ሲያርፍ ትናንሽ ቀለበቶች ይወለዳሉ፤ ነገር ግን ኩሬ ላይ እንደምናየው ክብ ሆነው አይሰፉም። ውሃው መሐል ላይ ከዳሩ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚሄድ ቀለበቱ ገና ከመወለዱ ወደ አንድ ወገን ይሳብና እንደ እንቁላል ይሞላልላል፤ ከዚያም ሌላው ቀለበት ይመጣበትና ይጠፋል። ይህን ያየችው እርሷ ናት። «አባዬ፣ ክቦቹ እየሮጡ ነው» አለችኝ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላስታውስም፤ ቀለበቶቹ እንደሚሞላልሉ ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ቁጢጥ ብለን ረዘም ላለ ጊዜ አየናቸው። ካፊያው ሳሳ ሲል አንዱን ጠብታ ለይተን «ይሄ የኔ፣ ያ ያንተ» እየተባባልን የማን ቀለበት ሩቅ እንደሚደርስ ተጫወትን።

ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላለኝ ደስ አለኝ። ቦርከና ከደሴ በስተ ሰሜን ካሉት ተራሮች ተነሥቶ በደሴ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም ዶሮ መዝለያ በሚባለው ጠባብ ገደል በኩል ከደጋው ተወርውሮ ወደ እኛ ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፤ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን ማለት ነው። አክስቷን ለመጠየቅ ደሴ ስንወጣ ጆሮዋ የሚደፈነው በዚህ ምክንያት መሆኑን ነገርኳት፤ ውሃውም ያንኑ ቁልቁለት ነው የሚወርደው አልኳት። እርሷ ግን ያተኮረችው በስሙ ላይ ነበር። ዶሮዋ ዘለለች? ከዘለለችስ በኋላ ምን ሆነች? ዶሮ ብትዘልለው የምትሻገረው ያህል ጠባብ ስለሆነ ይሆናል እንዲህ የተባለው አልኳት። ለጥቂት ጊዜ አሰበችና ከቦዩ ጠርዝ ላይ ቆማ ስፋቱን በዓይኗ ለካች፤ «እዚህ ጋ ትችላለች» ብላ ደመደመች።

ቦዩ ወደሚታጠፍበት ቦታ ስንደርስ ጥቂት ባሕር ዛፎች አሉ። ካፊያው ቅጠላቸውን ስለነካው አካባቢው በሙሉ ሽታቸውን ሸትቶ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጭንና ረጅም፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ስለሆነ ውሃ ላይ ሲጣል ልክ እንደ ታንኳ ነው የሚሄደው። አንዱን አንሥታ ጣለችና ተከተልነው። እየተከተልነው ሳለ የዛፉን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ባሕር ዛፍ ከሆነማ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው» አለች። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ፣ የመጣ በመሆኑ ስሙን እንዳገኘ ስነግራት ደግሞ ይበልጥ እርግጠኛ ሆነች፤ ቅጠሉ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራት ወይስ ልተዋት ብዬ ነበር። ነገርኳት። ይህ ውሃ ባሕር አይደርስም። ከማሳ የተረፈው ወደ ቦርከና ይመለሳል፤ ቦርከና የጨፋን ረግረግና ለምለም ሣር እያጠጣ በከሚሴ በኩል ያልፋል፤ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚሰበሰቡት በዚያ ሣር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የአፋርን በረሃ ሰንጥቆ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ካለው አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ውሃው በፀሐይ ይተንናል፤ ጨው ይቀራል። ባሕሩ ከዚያ ወዲያ ሩቅ ባይሆንም አዋሽ አይደርስበትም። ልጄ ይህን ስትሰማ ቅጠሉን አየችና ዝም አለች፤ እኔም መናገሬን ለአፍታ ተጸጸትኩ። ከዚያ «መኪኖቹስ ይደርሳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። በቤታችን በኩል በባቲና በሚሌ አድርገው ወደ ጅቡቲ የሚሄዱትን ተሳቢዎች ማለቷ ነው፤ የኮምቦልቻን ደረቅ ወደብ በር ባለፍን ቁጥር መርከቡ የት እንዳለ ትጠይቀኛለች። መኪኖቹ ይደርሳሉ አልኳት። በሚቀጥለው ጊዜ ቅጠሉን ለሾፌር እንደምትሰጠው ወሰነች።

አሁን ስለ ውሃው ሌላ ነገር መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ላይ ልቤን ከፍሎ የሚይዘው ይህ ነው። ልጄ ውሃውን እንድትወደው እፈልጋለሁ፤ እግሯን እንድትነክርበት ግን አልፈቅድላትም። በዚህ ሸለቆ በቦይና በቀስታ በሚሄድ ውሃ ዳር ያደገ ሰው ቢልሃርዚያ ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ቦርከና ውስጥ ስዋኝ ከርሜ ሆዴን ታምሜ፣ ጤና ጣቢያ ተመርምሬ፣ ክኒን ውጬ ነው የዳንኩት። በሽታው የሚመጣው ከታመመ ሰው ሰገራ የወጣው የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው፤ የተፈለፈለው ትል በትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይራባና ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል። ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት ይነግሩታል? እኔ ቀንድ አውጣዋን አሳየኋት። በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ተለጥፋ ነበር። «ይህች የምትኖርበት ውሃ በዓይን ነው የሚነካው» አልኳት። በዓይን መንካት የሚለውን ወደደችው፤ ከዚያ በኋላ አረም፣ እንቁራሪት፣ ተንሳፋፊ ላባ ባየች ቁጥር «በዓይኔ ነካሁት» ትለኝ ነበር።

ከውሃው ጋር የሚመጣው ሌላው ነገር የእኛው የከተማ ሰዎች እጅ ነው። ቦዩ ወደ ማሳ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የተቀደደ ጫማና የጫት ገረባ አንድ ላይ ተጠላልፎ ውሃውን አግዶት አየን። ቦርከና በሁለት ከተሞች በኩል አልፎ ነው የሚመጣው፤ የሁለቱም ቆሻሻ፣ የመኖሪያ ቤቱም የፋብሪካውም ፍሳሽ፣ በመንገዱ ይቀላቀለዋል። ይህን ውሃ ሽንኩርቱ ይጠጣል፤ ሽንኩርቱን እኛ ገዝተን እንበላለን። በዚህ ነገር ከልቤ አዝናለሁ። ልጄ «ማን ጣለው?» ስትለኝ እኛ ነን አልኳት። እርሷ እንዳልጣለች ተከራከረችኝ፤ እውነቷን ነው።

ጫማዋ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። የታገደውን ቆሻሻ በዓይኗ ልትነካ ቁጢጥ ስትል አንዱ ኮንጎ ጫማዋ ረጥቦ ኖሮ ከእግሯ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ገባ። እኔ እጇን አጥብቄ ይዤ ስለነበር እርሷ ምንም አልሆነችም፤ ጫማው ግን በጠባቧ ክፍተት በኩል ሹልክ ብሎ ከእኛ ቀድሞ ሄደ። ብድግ አደረግኳትና በረጠበው ሣር ላይ እየተጠነቀቅኩ ተከተልኩት። ከፊት ለፊታችን ሽርጥ የታጠቁ፣ ቆባቸው ላይ ፌስታል የደፉ አንድ አዛውንት ውሃ ያዞሩ ነበር፤ ያየናቸው ጫማውን በአካፋቸው ጠልፈው ወደ ላይ ሲያነሡት ነው። ውሃውን አፍስሰው አቀበሉኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጅቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁን፤ እኔም ስለ ማሳው ጠየቅኳቸው፤ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያም ልጄ በእጃቸው ያለውን መሣሪያ አይታ ምን እንደሚባል ጠየቀቻቸው።

«አካፋ» አሏት።

ወደ ሰማይ አየች። «ዝናቡም አካፋ፤ ይሄም አካፋ» አለች። አዛውንቱ መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር፤ ሲገባቸው ግን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «እውነትሽን ነው እናቴ፤ እሱም ያጠጣል፣ ይሄም ያጠጣል» አሏት።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበር፤ እየዘነበ ሳለ ለምን ውሃ ያዞራሉ? ተራቸው እስከ አሥር ሰዓት እንደሆነ ነገሩኝ። የቦዩ ውሃ ለሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ የውሃ አባቱ ለእያንዳንዱ ማሳ ቀንና ሰዓት መድቧል፤ ለአንዳንዱ ሌሊት ይደርሰዋል፤ ተራውን ያሳለፈ ሰው እስከሚቀጥለው ዙር ይጠብቃል። ስለዚህ ካፊያ ቢጥልም ተራ አይታለፍም። ግን ምክንያቱ ይህ ብቻ እንዳልሆነ ሊያሳዩን ፈለጉ። ልጄን ጠርተው ውሃው ገና ያልደረሰበት መደብ ዳር አስቀመጧትና አመልካች ጣቷን ቀስ ብለው አፈሩ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ አውጥተው አሳዩን። ጥቁር ጭቃ ለብሶ ወጥቷል፤ እርጥበቱ ምን ያህል ወደ ታች እንደገባ ግን በዚያ አይለይም ነበር። ስለዚህ በአካፋቸው አንድ ጓል ገልብጠው ጎኑን አሳዩዋት። ከላይ ጥቁር፣ ከሥር ነጣ ያለ ደረቅ አፈር፤ መሐላቸው ላይ በቢላዋ የተቆረጠ የሚመስል መሥመር። ሁለተኛ ጊዜ ጣቷን ከጓሉ ጎን አስጠግተው ጥቁሩን ክፍል አስለኳት፤ አንድ አንጓ ሆነ።

«የሽንኩርቱ ሥር ከዚህ በታች ነው» አሉ። «ይሄ ካፊያ ቅጠሉን ያጥብለታል እንጂ እሱን አያጠጣውም። ሲሰነብትበት ደግሞ ቅጠሉን በሽታ ያስይዘዋል። ግን ዝናብ ነው፤ አይጠላም።» ይህን ሲሉ የእናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ እኛም ቆመን አየናቸው። በአንዱ መደብ ውሃው እስከ ጫፉ ሲደርስ፣ በአካፋቸው አንድ ትልቅ የሣር ጓል ቆርጠው በአፉ ላይ ደፈኑና በእግራቸው ረገጡት፤ ወዲያው ቀጥሎ ያለውን ከፈቱ። ውሃው ለጥቂት ሰከንድ የት እንደሚሄድ የጠፋበት ይመስል ቆሞ ከፍ ካለ በኋላ አዲሱን መንገድ አግኝቶ ገባ፤ ፊቱ ላይ ደረቅ ገለባና አረፋ እየገፋ፣ ስንጥቁን ሁሉ እየሞላ፣ በቀስታ ወደ ጫፉ ተጓዘ። ልጄ በመደቡ ጎን ከውሃው ጋር እኩል እየተራመደች እስከ መጨረሻው ሸኘችው። አዛውንቱ የታገደውን ቆሻሻም በአካፋቸው ዝቀው ዳር ላይ ከመሩት፤ እኔም ፌስታል ለምኜ የቻልኩትን ያህል ጠርሙስ ሰብስቤ ይዤ ወጣሁ።

ስንመለስ በስተ ምዕራብ ደመናው ተከፍቶ ፀሐይ ወጣች፤ ካፊያው ግን አላቆመም። «ጅብ ወለደች» አልኳት፤ እርሷም ስንት እንደወለደች ጠየቀችኝ። በያዝነው የመጠጥ ውሃ እጇንና እግሯን አጠብኳት፤ ድልድዩ ጋ ባጃጅ አገኘን። ባጃጁ ውስጥ ያችን አመልካች ጣቷን ለብቻዋ ቀጥ አድርጋ ይዛት ነበር፤ ያመማት መስሎኝ ስጠይቃት አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ቤት ስንገባ እናቴ በር ላይ ነበረች። የልጅቱን እርጥብ ፀጉር በነጠላዋ እያደረቀች፣ ለምን አስመታሃት ብላ አልተቆጣችኝም። የጠየቀችው ሁልጊዜ ከገጠር የመጣን ሰው የምትጠይቀውን ነው፤ «እዚያስ ዘነበ? መሬቱ ጠጣ?»

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጄ ጣቷን አወጣች። በሌላ እጇ ጥፍር የመጀመሪያውን አንጓ ይዛ «እስከዚህ ድረስ፣ እማማ» አለቻት።

እናቴ ጣቷን ተቀብላ አንጓውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ነገም ይድገመው» አለች፤ ፀጉሯን ማድረቋንም ቀጠለች።